ከተማችን የሽርሽር ልጅ ናት

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ በሬን አንኳኳች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ነው። «ጋሼ፣ ክረምትን ሳሉ ተብለን ነበር፤ ልክ ነው?» ብላ ሥዕሏን አሳየችኝ። ነጭ፣ ድቡልቡል፣ አፍንጫው ላይ ካሮት የተሰካበት፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የተጠመጠመለት ሰውዬ ነው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የበረዶ ሰው ነዋ! ክረምት ሲመጣ ልጆች ደጅ ወጥተው ይሠሩታል።»

«የት አየሽው?»

«የእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ላይ።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። በእኛ ሰፈር ካሮት ከወጥ አትርፎ ለበረዶ አፍንጫ የሚያደርግ ልጅ ቢገኝ እናቱ ምን እንደምታደርገው አስቡት። የልጅቷ ቀጣይ ጥያቄ ግን ሳቄን አጠፋው። «እኛስ ጋሼ፣ ብርድ ሲሆን ደጅ ወጥተን ምንድን ነው የምንጫወተው?»

በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ከሕንፃ እስከ ሕንፃ መኪና ቆሟል። በመኪኖቹ መካከል ሦስት ወንዶች ልጆች በካልሲ ኳስ ይራገጣሉ፤ አንድ ሰውዬ ደግሞ ከሁለተኛ ፎቅ ሆኖ «መስተዋት ትሰብሩና ወዮላችሁ!» ይላል። «እስቲ አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ይህ ጽሑፍ ያን ጠዋት ያልመለስኩላት መልስ ነው።

መጀመሪያ የቃሉን ነገር እናጥራ። በአባቶቻችን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅት አለው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ፈረንጆቹ «ዊንተር» የሚሉት ወቅት በእኛ ቀን ከታኅሣሥ 12 ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት 12 ገደማ ይዘልቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የፈረንጁ ዊንተር የሚገጥመው ከእኛ በጋ ጋር ነው። አስተርጓሚው ግን «ብርድ፣ ደመና፣ ቤት መዋል» የሚለውን ይዞ «ክረምት» አለው፤ በዚያው ጸንቶ ቀረ። ስለዚህ «የክረምት ኦሊምፒክ» የምንለው ውድድር የካቲት ላይ፣ የእኛ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ይካሄዳል። «የበጋ ኦሊምፒክ» የምንለውን ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ቆርቆሮው በዝናብ እየተደበደበ፣ መብራት ይጠፋ ይሆን ወይ እያልን እናየዋለን። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው እንኳ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የበጋ ኦሊምፒክ በክረምታችን ማብቂያ ማለት ነው።

በረዶውም ቢሆን ፈጽሞ ባዕዳችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የአዲስ አበባ ተወላጅ ባንዲራችንን ይዞ በሀገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳደረ። በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ተደገመ። ሜዳሊያ አላመጣም፤ ግን በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ያደገው አሜሪካ፣ የበረዶ አገር ውስጥ ነው። ልብ አድርጉልኝ፤ ልጅ የሚጫወተው ያደገበት ቦታ የሰጠውን ነው። በረዶ የሰጠው በበረዶ፣ ሜዳ የሰጠው በሜዳ። ምንም ያልሰጠውስ?

የእኛ ብርድ የበጋ ብርድ ነው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ። ከኅዳር ጀምሮ በሱሉልታ ሜዳ ጎሕ ሲቀድ የሄደ ሰው ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሲያብለጨልጭ ያገኘዋል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ያ ሁሉ ነጭ ነገር በንኖ ሰማዩ ጥርት ይላል። ጭቃው ደርቋል፤ ወንዙ ጎድሏል፤ እህሉ ታጭዷል። እንግዲህ ለዚህ አገር ሰው ከቤት መውጫው፣ ዘመድ መጠየቂያው፣ መጋቢያው፣ መጋለቢያው ይህ ወቅት ነው። ታሪካችንን ቀረብ ብለን ካየነው ደግሞ የበጋ ሽርሽር የከተማ ሰው ቅንጦት ብቻ እንዳልነበረ እናያለን። እንዲያውም አዲስ አበባ ራሷ የሽርሽር ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸው እንጦጦ ላይ ነበር። እንጦጦ ለጠላት አይመችም፤ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያሳያል። ለኗሪው ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ውኃና ማገዶም እንደልብ አይገኝም። ታዲያ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ ብርድ ወርዶ የሚፍታታበት ቦታ ነበረው። የአካባቢው ኦሮሞ ፊንፊኔ ይለው የነበረው ፍልውሃ ነው። ከተራራው ይወረዳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ይታጠባሉ፤ በሞቃቱ እንፋሎት ደክሞ የመጣ ሰውነት ይላላል። እቴጌ ጣይቱ ሜዳውን ወደዱት። ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ዓመቱ 1879 ዓ.ም. ነው። ቀስ በቀስ መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም ተከትሎ ወረደ። ድንኳኑ ቤት ሆነ፤ ቤቱ ግቢ ሆነ፤ ግቢው ከተማ ሆነ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! የምንሰማው ግን እንደ ከተማ ምሥረታ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሽርሽር ታሪክ እንስማው። ብርድ የሰለቻቸው ሰዎች ለመፍታታት ወጡ፤ ቦታውን ወደዱት፤ አልመለስም አሉ። ዛሬ ሚሊዮኖች የምንጋፋባት ከተማ መነሻዋ አንዲት ሴት «እዚህ ደስ ይላል» ማለቷ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። ሜዳው ባዶ አልነበረም። ከብት የሚያጠጡበት፣ የሚኖሩበት፣ ስም ያወጡለት ሰዎች ነበሩ። የአንዱ መዝናኛ የሌላው መኖሪያ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ የራሱ የበጋ ጨዋታ ነበረው። ቀዳሚው ገና ነው። ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን ጎረምሳው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ሩሯን መካከል ጥሎ መንደር ከመንደር ይገጥማል። የሰው ቁጥር ገደብ የለውም፤ የሜዳው ወሰን አይለካም፤ ዳኛም ፊሽካም የለም። ካህናቱ ጨዋታውን የክርስቶስን ልደት ሰምተው ከተደሰቱት እረኞች ጋር ያያይዙታል። ለእኔ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ሕጉ ነው፤ በዚያን ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም። ዓመቱን ሙሉ እጅ የሚነሳው ገበሬ በዚያች ቀን የባላባቱን ልጅ ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው «የገና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በኦሮሞውም መንደር ቂሌ የሚባለው ጨዋታ የዚሁ ወንድም ነው። ዱላ፣ ሩር፣ ሜዳ፤ ቋንቋው ብቻ ይለያል።

ከዚያ ጥምቀት ይመጣል፤ ከጥምቀት ጋር ጉግስ። ፈረሰኛው ጋሻውን ይዞ ይጋልባል፤ ተከታዩ ዘንግ ይወረውርበታል፤ እሱም ይመክታል። ጃንሜዳ የዚህ ሁሉ መድረክ ነበር። ጉግስ ሲያዩት ጨዋታ ነው፤ ውስጡ ግን የጦር ልምምድ ነበር። በአገው ምድር ይህ ወግ ማኅበር ሆኖ ቆይቷል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን አስጊጦ ይወጣል። ለዚህም ሜዳ ያስፈልጋል። ሜዳ ከሌለ ፈረስ የለም፤ ፈረስ ከሌለ ማኅበሩ ፎቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ እንሂድ። ከሰበታ በላይ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ፣ መናገሻ ሱባ የሚባል ደን አለ። ወጨጫ የሞተ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። የደኑ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ከነገሡት ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ተራራው ተራቁቶ ቢያገኙት በአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ሲነገር ኖሯል። ዛሬ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የማያቅፋቸው ጥዶች እዚያ ቆመዋል። ዝግባው አለ፤ ወይራው አለ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ከዚያ በላይ አስታው። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘልላል፤ በሥራቸው የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ጥቁር ድኩላ ይሹለከለካል። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ንጉሥ «ይተከል» ስላሉ ነው ይህ ሁሉ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ደኑ ትልቅ ፈተና ገጠመው። ከተማይቱ ማገዶ በላች፤ ግንድ በላች። በዙሪያዋ ያለው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመንጥሮ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ያስቀራት ከባሕር ማዶ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የመጣው ዛፍ ነው፤ ስሙም በመጣበት «ባሕር ዛፍ» ተባለ። የመናገሻው ደን ግን የዘውድ ደን ሆኖ እንዳይቆረጥ ተከለከለ። ክልከላው ጠቀመ? ጠቅሟል፤ ደኑ ዛሬ ድረስ አለ። ነገር ግን ደኑ የንጉሥ ነበር፤ ገበሬው ከጫፉ ሆኖ ያየዋል እንጂ አይገባበትም። መናፈሻ የሚለው ቃላችን ከነፋስ የተወለደ ነው፤ «ነፋስ ልቀበል ወጣሁ» እንላለን። ነፋስን ማንም አይከለክልም። ነፋሱን የሚሰጠውን ዛፍ ግን ሁልጊዜም አንድ ሰው አጥሮታል።

«ብሔራዊ ፓርክ» የሚባለውን ሐሳብ ዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ የሎውስቶንን ስትከልል ነው። ዛሬ ፈረንጁ በዊንተር እዚያ ሄዶ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍል ውኃው ከበረዶ መካከል ወደ ሰማይ ሲተፋ ያያል። ደስ ይላል። ግን በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩ ነባር ሕዝቦች ከፓርኩ እንዲወጡ ተደርገዋል። ሐሳቡ ወደ እኛ ሲመጣ ከነዚህ ሁሉ ነገሮቹ ጋር ነው የመጣው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዋሽ ፓርክ ተቋቋመ፤ እሱም የስሜኑም በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ በሕግ ተከለሉ። አዋሽ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ይመለሳሉ፤ ሳላ ያያሉ፤ ፏፏቴው ሥር ፎቶ ይነሣሉ። ከረዩና አፋር ግን ያ መሬት የበጋ ግጦሻቸው ነበር። እኛ «በጋ ስለሆነ እንዝናና» ብለን የምንሄድበት ወር እነሱ «በጋ ስለሆነ ከብቶቻችንን የት እናስገባ» የሚሉበት ወር ነው።

ስሜንም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ገደሉ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ የሚደረገው የእግር ጉዞ፣ ሌሊት ድንኳን ላይ የሚጋገረው ውርጭ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ደጀን፣ ይህ ሁሉ ለተመልካች የማይረሳ ነው። በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ አንዱ ምክንያት እርሻውና ልቅ ግጦሹ ነበር። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ዋልያውን ማትረፍ ትክክል ነው፤ ይህን የምጠራጠር ሰው አይደለሁም። ግን ድንኳኔን ተክዬ ሻይ ስጠጣ የቆምኩበት ሣር ላይ የማን ቤት እንደነበረ ማወቅ አለብኝ። ሳያውቁ መዝናናት ይቻላል፤ አውቆ መዝናናት ግን ይበልጥ ያሳርፋል። ቢያንስ ለጠባቂውና ለበቅሎ ጫኙ የምትከፍለውን ብር እየተነጫነጭክ አትሰጥም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። እንጦጦ ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ዘመናዊ ፓርክ አለው። ብስክሌት አለ፤ ፈረስ አለ፤ ቡና አለ፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ቤተሰብ ተሰብስቦ ይስቃል። እኔም ሄጃለሁ፤ ወድጄዋለሁ። ግን እኔ የማውቀው እንጦጦ ሌላ ነበር። በማለዳ ሁለት ዓይነት ሰው ይተላለፍበታል። ሽቅብ አትሌቶች ይሮጣሉ፤ ቁልቁል እናቶች ከቁመታቸው የሚረዝም እንጨትና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ ይወርዳሉ። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ብርድ። ለአንዱ ሳምባ ማጠንከሪያ፣ ለሌላዋ የልጆቿ ምሳ። አንድ ተራራ ላይ ሁለት አገር ነበር።

ሱሉልታም በፊናው የሯጮች ቤት ሆኗል። ቀነኒሳ በቀለ እዚያ መሮጫ መም አሠርቷል፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሯጮች ለከፍታው ሲሉ ይመጣሉ። የሩጫውን ነገር ወደ ሕዝቡ ያወረደው ግን ታላቁ ሩጫ ነው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ሺህ ሰው ወጣ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሸነፈ። ሌላው ግን ለማሸነፍ አልነበረም የወጣው። ጨፈረ፣ ዘፈነ፣ ውኃ ተረጫጨ፣ ደክሞት ተቀመጠ። አስቡት፤ ኅዳር ነው፤ አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ሰማዩ የጠራበት ወር። ያው የጥንቱ የበጋ ደስታ ነው፤ ዱላና ሩሩ ብቻ ቀርቶ ቲሸርት ገባ። ያኔም ዛሬም ሚኒስትሩና ሊስትሮው አንድ ቀለም ለብሰው ይሮጣሉ። የገናው ሕግ ይህ አይደል?

አሁን ኮዬ ፈጬ። ይህ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት ማሳ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ሲወጣ አንዱ ቤት እልልታ ሆነ፤ ዓመታት ቆጥቦ ጣራ ያገኘ ሰው እንዴት አይል! በኦሮሚያ ከተሞች ደግሞ ወጣቶች «የገበሬው መሬት» ብለው ተቃውሞ ወጡ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጣምረው ሸገር ከተማ ሲሆኑ ኮዬ ፈጬም የአንዱ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነ። አስተዳደሩ ተቀያየረ፤ ሕንፃው ግን እዚያው አለ፤ እኛም እዚያው አለን።

የሕንፃችን ጥበቃ የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ልጆቹ «አባባ» ይሏቸዋል። አንድ ማታ እሳት አንድደው ሲሞቁ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። የልጅቷን ጥያቄ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ በዱላቸው መኪና ወደቆመበት አመለከቱኝ። «እዚያ ጋ አውድማ ነበር» አሉ። «ጤፉ ከተወቃ፣ ጭዱ ከተከመረ በኋላ ቂሌ እንጫወት ነበር። ጥርሴን ያወለቀኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ያቺ ግራጫ መኪና ያለችበት ላይ።» ሳቁ። የጎደለውን ጥርሳቸውን አየሁት። ከዚያ «አሁን እዚያው ቆሜ የሰው መኪና እጠብቃለሁ» አሉ። አልሳቁም፤ እኔም የምለው አጣሁ።

በሳምንቱ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ተዋጣንና ሚኒባስ ተከራይተን ልጆቹን ሱባ ወሰድናቸው። ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር ነው፤ ጀሞን፣ ዓለም ገናን፣ ሰበታን አልፈን ዳገቱን ያዝን። ልጆቹ ጋቢ ተጠቅልለው፣ ዳቦና ቆሎ ታቅፈው ነበር። ደኑ ውስጥ ስንገባ አንድ ነገር ሆነ፤ ዝም አሉ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጩኸት ያልጠገቡ ልጆች ጥዱ ሥር ሲደርሱ ድምፃቸውን ራሳቸው ቀነሱ። ማንም አልተቆጣቸውም። አንዱ ትንሽ ልጅ ግንዱን በጆሮው ተጠግቶ «ይሰማል» አለ። ምን እንደሚሰማ አልጠየቅነውም። ጎረቤቴ ልጅ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ አየችና «ጋሼ፣ ይሄን ማን ተከለው?» አለችኝ። «አንድ ንጉሥ፤ በጣም ድሮ» አልኳት። «ለማን ብሎ?» አለች።

ለዚህ መልስ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ንጉሡ ያን ጥድ አድጎ አላዩትም። ጥድ በአንድ ሰው ዕድሜ እንዲህ አይሆንም። ለማያውቁት ሰው ነው የተከሉት። የእኛ ልጆች ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ መጥተው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል ብለው አልገመቱም ይሆናል፤ ግን ውጤቱ ይኸው ነው።

ችግሩ ሱባ ሩቅ መሆኑ ነው። የሚኒባስ ኪራይ፣ መግቢያ፣ ምሳ ሲደመር ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት አንዴ የሚሞከር ነገር ነው። ፓርክ የዓመት በዓል ነው፤ ልጅ ግን በየቀኑ ያድጋል። ለየቀኑ የሚያስፈልገው ተራራ አይደለም፤ ከበሩ ወርዶ የሚረግጣት አንዲት ክፍት ቦታ ናት። አባባ ያሳዩኝ ዓይነት አውድማ።

እንዲህ ያለች ቦታ አንዲት ቀርታናለች። ከሦስት ሕንፃዎች መካከል፣ ከመኪናው የተረፈች፣ የግማሽ ኳስ ሜዳ የምታህል ባዶ መሬት ናት። ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሆነች። አንደኛው ወገን ሱቆች ሠርተን እናከራይ፣ ገቢው ለውኃ ፓምፕና ለጥበቃ ደሞዝ ይሆናል አለ። ሌላው መኪና ማቆሚያ ትሁን አለ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ፓምፑ በእውነትም ተበላሽቷል፤ መኪናውም በእውነት ቦታ አጥቷል። «ለልጆች ትተው» ያልነው አራት ሰዎች ነበርን። አንድ ጎረቤቴ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ልጆቹማ ትንሽ ጊዜ ነው፤ ያድጋሉ» አሉ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ያን ቀን ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። አሁን ቢጠይቁኝ ግን የምለው አለኝ። አዎ፣ ልጆቹ ያድጋሉ፤ ለዚያ ነው ቦታዋ አሁን የምታስፈልጋቸው። ከተማችን ቁጭ ብላ ያደገችው አንድ ሰው «እዚህ ደስ ይላል» ባለበት ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ በተገኘ ቁጥር ሌላ ሰው እያስነሣን፣ ሌላ ነገር እየሠራንበት መጣን። እኛም ዛሬ ያለነው የሌላ ሰው አውድማ ላይ ነው። የተነሣውን ሰው ማሳውን ልንመልስለት አንችልም፤ ከማሳው የቀረችውን ጥቂት መሬት ግን የእርሳቸውም የእኛም የልጅ ልጆች አብረው ዱላ የሚማዘዙባት ልናደርጋት እንችላለን። ኪራይ ፓምፕ ያሠራል፤ እውነት ነው። ግን ልጆቹ የት ሄደው ጥርሳቸውን ያወልቁ?

በገና ዋዜማ ማታ አባባ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፋቸው የተቆለመመ ስድስት ዱላዎች ጠርበው አገኘኋቸው። በማግሥቱ ጠዋት፣ ታኅሣሥ 29፣ ልጆቹ ባዶዋ መሬት ላይ ወጡ። ሩሯ ከጨርቅ የተሠራች ናት፤ ለመስተዋት ሲባል። ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር፤ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ከሁለተኛ ፎቅ የሚጮኸው ሰውዬ በረንዳው ላይ ወጥቶ ትንሽ አየና ዝም ብሎ ገባ። ምናልባት በገና ጌታ እንደማይቆጣ ትዝ ብሎት ይሆናል።

ጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን መልሳ አመጣችልኝ። የበረዶውን ሰው አላጠፋችውም፤ ከጎኑ ባለው ገጽ ግን ዱላ የያዙ ልጆችና አንድ ጥርሳቸው የጎደለ ሽማግሌ ሥላለች። ከሥዕሉ ሥር «በጋ» ብላ ጽፋለች። ለሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሯን ልዋሳት አስቤያለሁ።